ወሊድ ስንቆጥር፦ ከአቃቂ እስከ ቱሉ ዲምቱ

የመጀመሪያ የሥራ ቀኔ አቃቂ፣ ከድሮው ባቡር ጣቢያ ጀርባ ነበር። የወሊድ ጥናት ጠያቂ ሆኜ ተቀጥሬያለሁ። ሱፐርቫይዘሬ እትዬ አልማዝ በር ላይ አቆሙኝና፣ “ስንት ልጅ አለሽ ብለሽ እንዳትጀምሪ” አሉኝ። “አብረዋት ያሉትን፣ ሌላ ቦታ የሚኖሩትን፣ የሞቱትን ለየብቻ ጠይቂ።”

የቤቱ እመቤት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ናት። ሁለት ልጆች አብረዋት አሉ፤ ሌላ ቦታ የሚኖር የለም።

“ሲወለድ አልቅሶ፣ በኋላ የሞተ ልጅስ?” አልኳት።

“እሱም ይቆጠራል?”

“ይቆጠራል።”

“ሳምንት እንኳን አልሞላው። ክርስትና ሳይነሳ ነው የሞተው።”

“ሕፃን ብዬ ልጻፈው?”

“አይ፣ ታምራት በይው። ሆዴ ውስጥ እያለ ያወጣሁለት ስም ነው።”

ታምራት ብዬ ጻፍኩ። ስወጣ እስከ አጥሩ በር ድረስ ሸኘችኝ።

እኛ የሰበሰብነውን የቢሮ ባለሙያዎች ያሰሉታል። በቅርብ ዓመታት የተወለዱትን በእናቶቻቸው ዕድሜ ይመድቡና፣ በዚያ ዕድሜ ላሉት ሴቶች ሁሉ፣ ላልወለዱትም ጭምር ያካፍላሉ፤ ከዚያ የየዕድሜውን ውጤት ይደምራሉ። በዚያው አካሄድ አንዲት ሴት የመውለጃ ዕድሜዋን ብትጨርስ በአማካይ ስንት ልጅ እንደምትወልድ የሚታወቀው እንዲህ ነው።

ሱፐርቫይዘር ስሆን ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሰፈር ተመደብኩ። ሥራ ያላቸው የሰፈሩ ሴቶች ማለዳ በሚኒባስ ይወጣሉ። ቀን ቤት የምናገኘው አራሶችንና ትንንሽ ልጅ ያላቸውን ነው። እነሱን ብቻ ብንጠይቅ ወሊዱ ከእውነቱ በላይ ይወጣል። ስለዚህ እሑድ እሑድ እየተመለስን የተዘጉትን በሮች አንኳኳን።

አስተባባሪያችን አቶ ግርማ ደወሉ። “ወይዘሮ ሰናይት፣ ወሊዱ በጣም አንሷል። ጠያቂዎችዎ ሥራ እንዲቀልላቸው አንዳንድ ልጆችን ሳይጽፉ እየዘለሉ ይመስለኛል። ሌላ ቡድን እልካለሁ፤ የእነሱ መልስ ከእናንተ ጋር ካልገጠመ ሥራችሁ ይሰረዛል።”

“ይላኩ” አልኳቸው።

ከጠያቂዎቼ አንዷ ሄለን፣ “አጭበርባሪ አደረጉን እኮ!” ብላ አለቀሰች። እኔም ፈርቼ ነበር፤ ግን አብሬያቸው ደረጃ ወጥቼ ወርጃለሁ፤ ሥራቸውን አውቀዋለሁ።

ሌላው ቡድን ከጠየቅናቸው ቤቶች በዕጣ መርጦ እንደገና ጠየቀ። መልሱ ከእኛ ጋር ገጠመ። አቶ ግርማ ራሳቸው መጥተው ሁሉንም እየጨበጡ፣ “ተጠራጥሬያችሁ ነበር፤ ይቅርታ። ከእንግዲህ ለአዲስ ሠልጣኞች የማሳየው የእናንተን ሥራ ነው” አሉ። እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም። ሄለን ዛሬ አሠልጣኝ ሆናለች።

አዲስ ጠያቂዎች፣ ቁጥር ሲያንስባችሁ፣ ያላንኳኳችሁት በር ወይም የዘለላችሁት ጥያቄ እንዳለ ፈልጉ። ከሌለ ቁጥሩን አትንኩት።