ሳያድር የተለካው ብረት

ባለፈው ሳምንት አንድ ጎረምሳ የእንጨት ሳጥን ተሸክሞ ቤቴ ድረስ መጣና «ማዳም ፓልሜር ከመሞቷ በፊት ለሂሩት ስጥልኝ ብላኝ ነበር» ብሎኝ ሄደ። ክዳኑን ስከፍተው ዘይት የጠጣ ወረቀት ሸተተኝ፤ አዲስ የሞተር ዕቃ የሚጠቀለልበት ያ ቡናማ ወፍራም ወረቀት። ለሌላ ሰው የጋራዥ ሽታ ነው። እኔ ወለሉ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ሾፌሮች ማዳም ፓልሜር የሚሏት እትዬ ውብነሽ ከሞተች ወር አልፏት ነበር፤ ያለቀስኩላት ግን ገና ያን ቀን ነው።

ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 2 የሚባለው ሰፈር ውስጥ ጎረቤታችን ነበረች፤ ቤታችንን ከቤቷ የሚለየው አንድ ግድግዳ ብቻ ነው። ባሏ አሮጌው ባቡር ጣቢያ ወርክሾፕ ውስጥ ሲሠራ ኖሮ ሲሞት ሁለት ፓልሜር ተወላት። ፓልሜር ፈረንሳዮቹ ያወጡለት ስም ነው፤ የሚሊሜትርን መቶኛ የሚለካ፣ መዳፍ ውስጥ የሚገባ መሣሪያ። አንዱ ለውጭ፣ አንዱ ለውስጥ። ባሏ ዓይኑ ሲደክም ቁጥሩን የምታነብለት እሷ ስለነበረች ሥራውን እዚያው ተማረችው። በኋላ የአዲስ አበባ መስመር ሾፌሮች ርካሽ መለዋወጫ በገዙ ቁጥር ወደ እሷ ማምጣት ለመዱ። ከአንድ ካርቶን ከወጡ ስድስት ፒስተኖች አራቱ ደህና፣ ሁለቱ የማይረቡ ሊሆኑ ይችላሉ፤ በዓይን ግን አይለዩም። «የተጻፈውን ልክ ለካርቶኑ ተዉለት» ትል ነበር።

አንድ የማትለቀው ደንብ ነበራት። የመጣላትን ዕቃ ሳታሳድር አትለካም። የጅቡቲ ፀሐይ ብረቱን ያሞቀዋል፣ የሞቀ ብረት ደግሞ ጥቂት ያብጣል፤ ያን ጊዜ ቢለካ የሚገኘው ቁጥር እውነተኛ ልኩ አይደለም። ስለዚህ ዕቃውንና ፓልሜሮቹን በዚህ ሳጥን ውስጥ አብራ ታሳድራቸውና ጎህ ሲቀድ፣ ፀሐይ ሳትወጣ፣ በሯ ላይ ዱካ ስባ ትቀመጣለች። መነጽሯ አንድ እጀታው ተሰብሮ በክር የታሰረ ነበር። የፓልሜሩን ጫፍ በሁለት ጣቷ ስታዞረው ቀጭን ድምፅ ያሰማል፤ እኔም ያን ድምፅ እየሰማሁ ነበር የምነቃው። ሾፌሮቹ ይቀልዱባት ነበር።

«እትዬ፣ ፒስተኔ ራቱን በላ?»

«በልቶ ተኝቷል። አንተም ሂድና ተኛ።»

ሰኔ ላይ የአባቴ የጭነት መኪና ሞተር ተበላሸ። ዋራበሌ ሰፈር ያለው መካኒክ ሞተሩን ፈቶ ይጠብቀዋል። ፒስተኖቹ ቀድመው ተገዝተው እሷ ዘንድ አድረዋል፤ ፒስተኖቹ የሚመላለሱባቸው ሲሊንደሮች ግን በማግስቱ ቀትር ላይ፣ ካምሲን የሚሉት ትኩስ ነፋስ አሸዋ እየበተነ ሳለ፣ ከመኪና አናት ወርደው መጡ። እጅ ያቃጥላሉ። እትዬ ውብነሽ እንደ ልማዷ «ይደሩ» አለች። አባቴም እሺ አለ። ከሁሉ የማይረሳኝ ይህ ነው፤ እሺ ብሎ ነበር።

እሺ ያላልኩት እኔ ነኝ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ ከክፍሌም አንደኛ ወጥቻለሁ። የሽልማቱ ቀን የሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ነው። አባቴ ያን ዕለት ካልወጣ የጭነት ተራው ያልፈውና ለሐሙስ አይደርስም። እሱ ፊቱን ሲታጠብ ሾልኬ ቤቷ ገባሁና ቀሚሷን ያዝኩ።

«እትዬ፣ ዛሬውኑ ለኪለት። እሱ ከሌለ ማን ያየኛል?»

«ሂሩትዬ፣ ብረቱ ትኩስ ነው እኮ።»

«እባክሽ። ለእኔ ስትይ።»

ልጅ አልነበራትም። ለእኔ ደግሞ እንቢ ማለት አትችልም፤ ይህን አውቄ ነው የለመንኳት። ጨርቅ ነክራ ሲሊንደሮቹ ላይ ጠቀለለች፣ ጨርቁ እስኪደርቅ ጠበቀች፣ ከዚያ ለካች። ሁለት ጊዜ ለካች። አባቴን ጠርታ «ልክ ነው፣ ውሰደው» ስትለው ሳቀ። «ዛሬ ምን ነካሽ?» አላት። እሷ አልሳቀችም።

በማግስቱ ከዲኪል ከተማ ወዲያ ባለ ኩርባ ላይ ፒስተኑ ሲሊንደሩ ውስጥ ተጣብቆ ሞተሩ ደርቆ ቀረ። አባቴ ለሚመጡ መኪኖች ምልክት እንዲሆን መንገዱ ላይ ድንጋይ ሊደረድር ወረደ። ከኋላ የመጣው መኪና አላየውም።

ሰባተኛው ቀን ሳይሞላ እትዬ ውብነሽ ሲሊንደሩን ከቆመው ሞተር በመካኒኩ አስፈትታ አሳደረችው። ጎህ ሲቀድ ያን ቀጭን ድምፅ ሰማሁ። ከዚያ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለቅሶ ቤት መጣችና በሾፌሮቹ ሁሉ ፊት እናቴ እግር ሥር ቆመች።

«ሲቀዘቅዝ ሦስት መቶኛ ሚሊሜትር ይጠባል። ሳላሳድር ለካሁት። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

አንድ ሽማግሌ ሾፌር «አንቺ ቸኩለሽ አታውቂም፤ ማን አስቸኮለሽ?» አላት።

እናቴ ጉያ ውስጥ ነበርኩ። እትዬ አየችኝ። ዓይኗን ከእኔ ላይ አነሳችና «ማንም። እኔው ነኝ» አለች።

እኔም ፊቴን እናቴ ነጠላ ውስጥ ደበቅኩ።

ከዚያ ወዲህ ዕቃ ይዞ በሯን የሚያንኳኳ ሾፌር ጠፋ። ለልብስ ሰፊዎች ቁልፍ እየተከለች፣ ዘምዘም እያደረገች ኖረች። እናቴ እስከ መጨረሻው ሰላም አላለቻትም። እኔን ግን እትዬ መንገድ ላይ ባገኘችኝ ቁጥር «ትምህርት እንዴት ነው?» ትለኝ ነበር። ስለዚያ ቀን አንዲት ቃል አንስታብኝ አታውቅም። ይቅርታ ልጠይቃት ስንት ጊዜ በሯ ድረስ ሄጄ እንደተመለስኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

ሳጥኑ ውስጥ ሁለቱ ፓልሜሮችና ያ ሲሊንደር ነበሩ። ዝገት አልነካውም፤ ይህን ሁሉ ዓመት ዘይት ስትቀባው ኖራለች ማለት ነው። ተሸክሜ እናቴ ዘንድ ወሰድኩትና ሁሉንም ነገርኳት፤ ሽልማቱን፣ ቀሚሷን መያዜን፣ «ለእኔ ስትይ» ማለቴን።

እናቴ አልደነገጠችም።

«ስትለምኛት ሰምቼሻለሁ» አለች። «ግድግዳችን ቆርቆሮ አይደል?»

«ታዲያ ለምን ሰላምታ ነሳሻት?»

«ሰላም ብንባባል ማውራታችን አይቀርም። ካወራን ደግሞ ስለዚያ ቀን ነው። አንቺ እንዳትሰሚ ነበር። እሷም ገብቷታል።»

ከዚያ ሲሊንደሩን ከእጄ ወሰደችና በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። «ዘይት አምጪልኝ» አለችኝ። ከጓዳ አመጣሁላት።