ጽዋው በየትኛው ቤት ይደር?

ቤቴ ከእንጦጦ ማርያም በታች፣ ወደ ጳውሎስ ሆስፒታል ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ነው። ሚስቴን የቀበርሁትም፣ ዜማ ሳስተምር ያረጀሁትም ከዚሁ ሰፈር ሳልወጣ ነው። ልጄ ሸጎሌ ከተሠሩት አዳዲስ ፎቆች በአንዱ ትኖራለች። ከእርሷ ሥር ያለው ቤት ሲለቀቅ፣ «አባዬ፣ ያ ሰፈር እኮ አልቆለታል። ሰው ሁሉ ወጥቶ እርስዎ ብቻ ቀሩ። ይምጡልኝ» አለችኝ።

ይህንኑ ደጃፌ ላይ ላለው ባለሱቅ፣ ከወሎ ለመጣው ሙስሊም ወዳጄ ነገርሁት። ሳቀብኝ።

«ማን ነው አልቆለታል ያለዎት፣ የኔታ? ዛሬ ጠዋት እንኳ ሁለት የሕክምና ተማሪዎች የሚከራይ ክፍል አለ ወይ ብለውኛል።»

«ታዲያ አንተ ሸጎሌ ሌላ ሱቅ መክፈትህ ለምንድን ነው?»

«እዚያ ሕፃን ብዙ ነው፤ ከረሜላ ይሄዳል።»

«ይኸኛውን ትዘጋዋለህ?»

«ኧረ የኔታ! ተማሪዎቹ ሳሙና ከየት ይግዙ?»

በትርጓሜ ቤት ለአንድ ቃል «አንድም» እያልን ሁለትና ሦስት ፍቺ ስንሰጥ ሁሉም ይጸናል። አንድም ሰፈሩ አልቋል፤ አንድም ሰፈሩ ይፈለጋል። ሁለቱን ይዤ ግን በሁለት ቤት ማደር አልችልም። በመጨረሻ፣ ይህ ወር ሲያልቅ እገባለሁ ብዬ ለልጄ ቃሌን ሰጠኋት።

በሃያ አንድ የእመቤታችን ማኅበር ነበረን። ማኅበርተኞቹ ቀድሞ ሁላችንም በአንድ መንደር ነበርን፤ አሁን አብዛኛው ወጥቷል። የዚያ ወር ደጋሽ የዱሮ ጎረቤቴ ነበረች፤ እርሷም ሸጎሌ ገብታለች። ደረጃውን ወጥቼ ትንፋሼ እስኪመለስ፣ ሰፈሩ እንዴት እንደሆነላት ጠየቅኋት።

«ጎረቤቶቼን በጫማቸው ነው የማውቃቸው፤ በር ላይ ሲያወልቁ አይቼ። የዚያኛው ሶል ተበልቷል።»

«እንግዲያ መመለስ ያምርሻል?»

«ምን በወጣኝ! እዚህ ውኃው እየመጣ?» አለች፤ ወዲያው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ከእርስዎ አጥር ሥር የነበረውን ጓሮዬን ግን ሌላ ሰው ያዘው እንዴ?» ብላ ስለ ቀድሞ ግቢዋ ጠየቀችኝ።

ውዳሴ ማርያም ደግመን፣ ተበልቶ ተጠጥቶ ሲያበቃ ጽዋውን አንሥታ ቆመች። የሚቀበላት ሰው በሚቀጥለው ወር በገዛ ቤቱ ይደግሳል፤ ጽዋውም እስከዚያ እርሱ ዘንድ ይቆያል። ተረኛው ታሞ ቀርቶ ነበር። ሌላ የሚነሣ ጠፋ። እመቤታችን ፊት ጽዋው ተቀባይ ሲያጣብኝ እንደ ልማዴ ተነሥቼ ተቀበልሁ። እልልታው ቀለጠ።

ጽዋውን የምወስደው ወደ የትኛው ቤት እንደሆነ ማሰብ የጀመርሁት ከእልልታው በኋላ ነው።

ልጄ ልትወስደኝ በር ላይ ቆማ ሰምታለች። «አባዬ፣ በሚመጣው ወር እኮ እኛ ጋ ነዎት። ጽዋውን አሁኑኑ እኔ ቤት ልውሰደው፤ ሁለት እርምጃ ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው። እጄ ግን አልለቅ አለ። በነጭ ጨርቅ እንደተሸፈነ በጉልበቴ ላይ ይዤው በታክሲ ወደ አሮጌው ቤት ተመለስሁ።

ባለሱቁ አየኝ። «ሊሄዱ አልነበር እንዴ?»

«ነበር» አልሁት።

ቤት ገብቼ ለልጄ ደወልሁና አንድ ወር ጨምሪልኝ አልኋት።

«ከዚያስ አባዬ?»

«ከዚያማ ከዚህ ሰፈር ጽዋውን ተነሥቶ የሚቀበለኝ ሰው ይኖር እንደሆነ አያለሁ።»

«ከሌለስ?»

በሰፈሩ የቀሩትን ማኅበርተኞች በልቤ ቆጠርሁ። አንደኛው ታሟል፤ ሌላዋ ልጇ ልትወስዳት ነው። እንደገና ቆጠርሁ። ልጄ ስልኩን ሳትዘጋ ትጠብቀኝ ነበር።