የኡበይድ ትከሻ

ኡበይድ ዓሣ አጥማጅ ነው፤ ዋና ግን አይችልም። ምን ይደረግ፣ ሐይቅ ከተማ፣ ውኃው ዳር ተወልዶ እዚያው ጺም ያበቀለ፣ ቤተሰቡን በዓሣ የሚያሳድር ሰው፣ ውኃው ከጉልበቱ ከፍ ሲል ልቡ ትጠፋለች። ልጅ ሳለ ሰጥሞ በሰው እጅ ነው የወጣው። ከዚያ ወዲህ ተቀምጦ ቀዝፎ፣ ተቀምጦ መረብ ጥሎ፣ ተቀምጦ ስቦ ይመለሳል። ጓደኞቹ ሲቀልዱበት ምን አስቸኮለኝ ይላቸዋል፤ እነሱም ስንፍና ይመስላቸዋል። ሰነፍ መባሉን ችሎ ኖሯል። ፈሪ መባሉን ግን አይችለውም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መረቡ ከታንኳው ጫፍ ጋር ተያያዘበትና ሳይወድ በግዱ ብድግ አለ። ነፋሱም እሱ እስኪነሳ የጠበቀ ይመስል መጣ። ታንኳው ዘመም ሲል ሁለት እጆቹን ዘረጋ፤ ትከሻው እምቢ አለውና ይርገፈገፍ ጀመር። ነፋሱ እስኪያልፍ እንደዚያው ሲንቀጠቀጥ ቆይቶ ዝርፍጥ ብሎ ተቀመጠ።

ታናሽ እህቱ ኢቲሳም ዳር ላይ ዓሣ ትጠብሳለች። ደንበኛ ለመሳብ ጥብሱን በስልኳ እየቀረጸች ቲክቶክ ላይ ትለቃለች፤ ያን ዕለትም ወንድሟ ከድስቱ ጀርባ ገብቶላታል። ነፋሱ ወደ ዳር ይነፍስ ነበርና ድምፁም ጥርት ብሎ ተቀድቷል። ያ ጺማም ወንድሟ ከሞተች የከረመች እናታቸውን ይጠራል፦ «እማ! እማ ድረሽልኝ!» ኢቲሳም ስትሰማው እንባዋ መጣ።

ኡበይድ ለሰው እንዳታሰሚብኝ ብሎ ለመናት። ግን ከእሷ ራቅ ብለው ዳር የነበሩት ሰዎች ጩኸቱን ባይሰሙም ሲንቀጠቀጥ አይተውታል፤ ምን ሆነህ ነው እያሉ መጠየቅ ጀምረዋል። ኢቲሳም መላ አላጣችም፤ ድምፁን አጥፍታ ሞቅ ያለ የወሎ ከበሮ ለጠፈችበት። አጃኢብ ነው፤ ትከሻው ከከበሮው ጋር ልክክ አለ። ኡበይድም ሲያየው ተነፈሰ። ፈሪ ከምባል ጨፋሪ ልባል ብሎ ልቀቂው አላት።

ከዚያ በኋላማ ማን ያቁመው! ደሴ ተማሪዎች ዴስክ ላይ ወጥተው፣ ውጫሌ ሹፌሮች ባጃጅ ጣራ ላይ ቆመው፣ ሙሽሮች ከነካባቸው እጃቸውን ዘርግተው ተርገፈገፉ። ስሙንም «የኡበይድ ትከሻ» አሉት። ከመስጊድ ሲወጣ ሽማግሌዎች ሳይቀሩ ትከሻቸውን ነቅነቅ እያደረጉ ሰላም ይሉታል። እሱ ይስቃል፤ ሆዱ ግን አይስቅም።

ብዙም ሳይቆይ ከአንድ የጭማቂ ፋብሪካ ፈንታሁን የሚባል የማስታወቂያ ሠራተኛ መጣ። ምላሱ የቀና ሰው ነው። ይህ ነገር እንደ ዓሣ ነው፣ ዛሬ ካልተበላ ነገ ይሸታል አለ። ሰው ማስታወቂያ ከሸተተው ጥሎ ያልፋልና ስለ ጭማቂው አንዲት ቃል እንዳትናገር፣ ጠርሙሱን ያዝ ብቻ አለው። ቪዲዮው ታንኳው ዘመም ካለበት ይጀምር፤ ዓይን መጀመሪያ ላይ ካልተያዘ አይመለስም፣ መጨረሻውን የሚያይ የለም አለ። ዋናው ደግሞ ሰው ራሱ እንዲደግመው ማድረግ ነው፤ ጠርሙስ ይዞ ለሚሠራ ሽልማት አለ፣ ታንኳ ላይ ለሚሠራው ደግሞ አዲስ ስልክ።

ኡበይድ «ታንኳ ላይ» የሚለውን ሲሰማ ልጆች ቢወድቁስ ብሎ ጠየቀ። ፈንታሁን ከሥር «ተጠንቀቁ» ብለን እንጽፋለን አለው። እምቢ ማለት ነበረበት። ግን ለምን ቢሉት ምን ሊል ነው? እሺ አለ።

ሽልማቱ ከታወጀ ወዲያ እንቅልፍ ከየት ይምጣ። የታሰረ ታንኳ ሁሉ ይፈታል፤ ከትምህርት ቤት የወጣ ልጅ ሁሉ ጠርሙስ ይዞ ላዩ ላይ ይቆማል። ኡበይድ ዓሣውን ትቶ ዳር ለዳር እየሮጠ ያባርራቸዋል። ልጆቹም አንተስ ትሠራው የለም ወይ ብለው ትከሻቸውን ይነቀንቁበታል። ቤቱ ሲገባ ሁለተኛ ክፍል የምትማረው ልጁ አሪፋ አልጋ ላይ ቆማ ያንኑ ትለማመዳለች። ውኃው ዘንድ ትደርሺና እግርሽን እሰብረዋለሁ ይላታል፤ አባቷ መሆኑን የረሳች ይመስል ትስቅበታለች።

የቀረጻው ቀን ዳሩ በሰው ተሞላ። ታንኳው ከዳር ታስሮ ኡበይድ ጠርሙሱን ይዞ ቆመ፤ ገመዱን ስላየ አልፈራም፣ ስላልፈራም ትከሻው አልንቀሳቀስ አለ። ደጋገመው። ፈንታሁን ራሱን እየነቀነቀ እንደ መጀመሪያው አይደለም፣ የሆነ ነገር ጎድሎታል አለ። በዚህ መሃል ሰዉ ፊቱን አዙሮ ያጨበጭብ ጀመር። የአባቷ ልጅ፣ የአባቷ ልጅ ይላል። ስልኮች ሁሉ ወደ ሐይቁ ዞሩ።

ኡበይድ ቀና ሲል አሪፋ ከዳር ርቃ ባንድ በተፈታ ታንኳ ላይ ቆማለች። እጆቿ ተዘርግተዋል። ትከሻዋ ይርገፈገፋል። ምንም አላጓደለችም፤ ቁርጥ እሱን።

ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል ያ ምን እንደሆነ የሚያውቅ እሱ ብቻ ነበር።

«እየጨፈረች አይደለም!» አለ። ድምፁ ለራሱም አልታወቀውም። «ፈርታ ነው! እኔም ስጨፍር አልነበረም!»

ሰዉ ሳቀ፤ የቀረጻው አካል መሰለው። ኡበይድ ጠርሙሱን ወርውሮ ገመዱን ፈታ። እንዴት እንደቀዘፈ አያስታውስም። ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ታንኳዋ ተገለበጠ፤ ለቀረጻው የተከፈተው ከበሮ ዳር ላይ እንደቀጠለ ነው። ግማሽ ሰውነቱን ውኃው ውስጥ ከቶ፣ ጥርሱን ነክሶ ሲዳብስ ቀሚሷ እጁ ገባ። ሲጎትታት አረፋ ደፍቃ ነበር። ትንፋሿ እስኪመለስ እሱም አልተነፈሰም።

ያን ዕለት ምሽት ኢቲሳምን ጠራትና ያንን ድምፅ አጥፍተሽዋል ወይ ብሎ ጠየቃት። እንዳለ ነው አለችው።

«እንግዲያው ከነድምፁ ልቀቂው» አላት።

«ወንድምዓለም፣ አገር ይስቅብሃል እኮ።»

«ይሳቅ። የሰው ልጅ ከሚሰጥም ይሳቅብኝ።»

ቪዲዮው መጨረሻ ላይ ራሱም ቀርቦ ተናገረ። ዋና እንደማይችል፣ ያ ጭፈራ ሳይሆን ፍርሃት እንደነበር ገልጾ፣ ወላጅ ልጁን ከውኃ እንዲከለክል ለመነ። ፈሪ ነኝ አለ፤ በሕይወቱ ሙሉ ያላወጣትን ቃል። ኢቲሳም እያለቀሰች ለቀቀችው።

በማግስቱ ፈንታሁን ደወለ። ስለ አሪፋ ጠየቀና አልሐምዱሊላህ ሲለው እሱም ተመስገን አለ። ቀጥሎ ደግሞ ድምፅ ያለው ቪዲዮ በተመልካች ከመጀመሪያው በልጧል፣ እንዳታጠፉት አለ። ሰዉ የኡበይድን ምክር ቆርጦ ጥሎ ጩኸቱን ብቻ አስቀርቷል። መጨረሻውን የሚያይ የለማ! አሁን ደሴም ውጫሌም ትከሻውን የሚነቀንቅ ሁሉ አብሮ «እማ ድረሽልኝ» ይላል።

የሐይቅ ልጆችም ይሉታል። ከዳር ያ ጩኸት በተሰማ ቁጥር ኡበይድ የያዘውን ሥራ ትቶ ይሮጣል። ሲደርስ ስልክ ይዘው ይሳሳቃሉ። ተሳድቦ ይመለሳል። ሰዎች ተው እንጂ፣ እየቀለዱብህ እኮ ነው ይሉታል። ያውቃል። ግን የምር የሚጠራው የቱ እንደሆነ በምን ይለየዋል? እንደገና ሲጮኹ እንደገና ይሮጣል።