በመሪጌታ ክፍል የዘጋሁት ሳጥን

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርሁም። ፊታቸው ተንበርክኬ ሌላ ሌላውን ኃጢአቴን ስዘረዝር፣ ይቺን ብቻ ከምላሴ ሥር እያስቀረሁ ስመለስ ኖሬአለሁ። ዛሬ ለእናንተ የምነግራችሁም ደፍሬ እንዳይመስላችሁ፤ ስለማታውቁኝ ነው።

ኢንተርኔት ወደ ንፋስ መውጫ ከተማ መኖሪያ ቤቶች መግባት በጀመረበት ሰሞን ነው። እኔ ኮሌጅ ኮምፒውተር ተምሬ የተመለስሁ፣ በከተማው “ያውቃል” የተባልሁ ወጣት ነበርሁ። አቶ ደምሌ የሚባሉ የመንግሥት ሠራተኛ አዲስ ቤታቸውን ሠርተው ሲጨርሱ፣ የኢንተርኔቱን መስመር እንድዘረጋላቸው ጠሩኝ። የመብራቱን መስመር የዘረጋው ፈንታሁን ነበር፤ የስማዳ ልጅ፣ አብሮኝ የተማረ፣ አንድ ክፍል ተከራይተን ከአንድ ትሪ የበላን ጓደኛዬ።

አቶ ደምሌ አባታቸውን መሪጌታ ጥበቡን ከድጓው ደብር ከቤተ ልሔም አምጥተዋቸው ነበር። መሪጌታ ዕድሜያቸውን ሙሉ ድጓ ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ ዓይናቸው ሲደክም ጉባኤያቸውን ለደቀ መዝሙራቸው ለቀቁ። ድምፃቸው ግን አልደከመም። ልጃቸው ያሰቡት፣ በየደብሩ የተበተኑት ተማሪዎቻቸው ካሉበት ሆነው ዜማቸውን በኢንተርኔት እንዲሰሙ ነው። ስለዚህ ዋናው መስመር በእሳቸው ክፍል ገብቶ፣ ከዚያ ወደ ሌሎቹ ክፍሎች እንዲከፋፈል ተስማማን። የሚያከፋፍለው ዕቃ ስዊች ይባላል፤ የየክፍሉ ገመድ ሁሉ የሚሰካበት ነው።

ምርጫው የእኔ ነበር። “ለራስህ ቤት የምታደርገውን አድርግልን” አሉኝ አቶ ደምሌ። ለዚያ ቤት በመዳፍ የምትያዝ፣ ድምፅ የሌላት ትንሽ ስዊች ትበቃ ነበር። አውቅ ነበር። እኔ ግን ከባሕር ዳር ለትልቅ መሥሪያ ቤት የሚሆን፣ መብራቱ የሚንቦገቦግ፣ በሁለት እጅ የሚያዝ ስዊች አመጣሁ። ለምን? የገባ ሰው ሁሉ አይቶት “ይህን የሠራው ማነው?” እንዲል። ሌላ ምክንያት የለኝም።

እንዲህ ያለው ትልቅ ስዊች እንዳይግል በውስጡ ማራገቢያ አለው፤ ማራገቢያው ደግሞ ይጮኻል። ብዙም ሳይቆይ መሪጌታ አስጠሩኝ።

“ልጄ፣ ይህ ነገርህ ሌት ተቀን ያጉረመርማል። ዜማ ልጀምር ስል ቀድሞኝ ይጀምራል። ዝም የሚልበት የለውም?” አሉኝ እየሣቁ።

“አለው፣ የኔታ” አልሁ።

አንስቼ በትንሿ መተካት ነበረብኝ። ያ ግን “ስመርጥ ተሳስቻለሁ” ማለት ሆነብኝ። ስለዚህ የማራገቢያውን ሽቦ ቆረጥሁት። እኔ ቆረጥሁት፣ በዚህ እጄ። የቀረው ድምፅም እንዳይሰማቸው ስዊቹን በግድግዳው ላይ በተሠራ የእንጨት ሳጥን ውስጥ አስገብቼ ጠረቀምሁበት። መሪጌታ ዝምታውን አዳምጠው መረቁኝ። እኔም አሜን አልሁ።

እሳቱ የተነሣው በክረምት፣ ከሰዓት በኋላ ነው። የአቶ ደምሌ ባለቤት ጓሮ ሳለች ጢስ ሸትቷት ስትሮጥ፣ መሪጌታን በሩ ጠፍቶባቸው ግድግዳውን ሲዳብሱ አገኘቻቸው። ጎትታ አወጣቻቸው። ጎረቤቱ ተረባርቦ ከዚያች ክፍል በቀር ቤቱን አተረፈው። መሪጌታም ከሞት ተረፉ፤ ድምፃቸው ግን አልተረፈም። ከዚያ ቀን ወዲህ ከጉሮሯቸው የሚወጣው ሹክሹክታ ብቻ ሆነ።

በማግስቱ ሽማግሌዎች እዚያው ቤት ተቀመጡ። አቶ ደምሌ ወደ እኔ ዞረው “የተማርኸው አንተ ነህ፤ ከየት ተነሣ?” አሉኝ። ፈንታሁን አጠገቤ ቆሟል። የከሰለውን ሳጥን አየሁት። ለማወቅ መጎንበስ እንኳ አያስፈልገኝም ነበር። ግን ጎነበስሁ፤ የምመረምር መሰልሁ። ከዚያ ቀና ብዬ “ከመብራቱ መስመር ይመስለኛል” አልሁ።

ይመስለኛል! ሐሰቱን እንኳ ደፍሬ መዋሸት አቃተኝ።

ፈንታሁን አልተከራከረም። ወደ ቤት ስንመለስ መንገድ ላይ ቆመና “የቱ ጋ ነው የተሳሳትሁት? ንገረኝ፣ በሌላ ሰው ቤት እንዳልደግመው” አለኝ። ቢጠረጥረኝ፣ ቢሰድበኝ ኖሮ ምናልባት እውነቱ ያመልጠኝ ነበር። እሱ ግን አመነኝ። እኔም “ሽቦው ሲያያዝ ላልቶ ይሆናል” አልሁት። እጁን ዘርግቶ አየው። ገልብጦ ደግሞ አየው።

ከዚያ ወዲያ ሽቦ አልነካም። ሰው ሳይከለክለው ራሱ ሙያውን ተወ። መሪጌታ ዘንድ ሄዶ እግራቸው ላይ ወደቀ፣ ላልበደለው በደል። እሳቸውም በዚያ ሹክሹክታቸው “እግዚአብሔር ይፍታህ፣ ልጄ” አሉት። እኔ በሩ ላይ ቆሜ አየሁ። የእኔን ይቅርታ ለእሱ ሲሰጡት ቆሜ አየሁ። መሪጌታ ብዙ አልቆዩም፤ በቀብራቸው ዕለት ካህናቱ ሲያዜሙ አፌን በነጠላዬ ሸፍኜ ከሰው ኋላ ነበርሁ።

ማራገቢያውን መቁረጤንስ የልጅነት ትዕቢት ልበለው። በሽማግሌዎቹ ፊት ያልሁትን ምን ልበለው? የመንገዱን መልሴንስ? ያን ሁሉ ዓመት ዝም ማለቴንስ?

ፈንታሁን አሁን አርብ ገበያ እህል ለነጋዴ እየተሸከመ ይኖራል። ባለፈው አገኘሁትና ጉንጭ ለጉንጭ ተሳሳምን። ልጁ የኤሌክትሪክ ሙያ ልማር ቢለው እንደከለከለው አጫወተኝ። “የኔ እጅ ያደረሰው ይበቃል” አለኝ። ታዲያ ምን ብዬ መለስሁለት መሰላችሁ? “እግዜር ያውቃል!” እግዜር ማወቁንማ እኔም አውቃለሁ።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ የበደልሁት እናንተን አይደለም። ነገ አርብ ነው፤ ፈንታሁን ከገበያው አይጠፋም። ሄጄ እነግረዋለሁ ብል ግን አትመኑኝ። ስንት ሐሙስ እንዲሁ ብዬ አድሬአለሁ።