ድንች ለሽማግሌ

ባለፈው ጥቅምት አዲስ አበባ ልጄ ዘንድ ሰንብቼ ወደ ዳንግላ ልመለስ ስዘገጃጅ፣ ማህሌት «ሽሮ አብልቼሽማ አልሸኝሽም» ብላ እጄን ይዛ አንድ ሰማይ ጠቀስ ሕንፃ አናት ላይ ያለ የፔሩ ምግብ ቤት ወሰደችኝ። ፔሩ በደቡብ አሜሪካ ያለ ተራራማ አገር መሆኑን ያወቅሁት አሳንሰር ውስጥ ነው፤ ልጄ ፎቁ እስኪያልቅ ድረስ ስለ አገሩ ስታስረዳኝ እኔ ግን የማስበው ስንወርድም በዚሁ ሳጥን እንደምንወርድ ነበር። መጀመሪያ የቀረበልን በሎሚ የራሰ ጥሬ ዓሣ ነው። ጥሬ ሥጋ ሲሉኝ የማልግደረደር ሰው ዓሣው ላይ ፊቴን ባጠቁር ነውር ይሆናል ብዬ ቀመስኩት፤ እውነቱን ለመናገር አልከፋም። ቀጥሎ አስተናጋጁ ክዳን ያለው ሰፊ የሸክላ ሳህን በሁለት እጁ አቅፎ መጣና፣ ይህ የአገሩ ሰዎች ትልቅ እንግዳ ሲመጣባቸው የሚያቀርቡት ነው ብሎ ክዳኑን አነሳው። ድንች ነበር። ከነልጣጩ በጋለ ድንጋይ መካከል የበሰለ፣ ቢጫውም ቀዩም ጥቁር ሐምራዊውም የተቀላቀለበት፣ አንዳንዱ ፈንድቶ ነጭ ሆዱን ያሳየ ድንች። እንፋሎቱ ፊቴን ሲመታኝ ዝናብ የጠገበ አፈር ሸተተኝ።

ጎንበስ ብዬ ሳሸት የማህሌት የመሥሪያ ቤት አለቃ ከወዲያኛው ጠረጴዛ ተነስተው ሰላም ሊሉን መጡ። እኔም ለሰላምታ ከመነሳቴ በፊት እጄ ቀደመኝና ጭኔ ላይ የነበረውን ናፕኪን አንስቶ ድንቹን ሸፈነው። ሰውዬው በትሕትና እጄን ጨብጠው፣ ስለ ልጄ ጎበዝነት ነግረውኝ ሄዱ። ማህሌት ግን ሁሉንም አይታ ኖሮ፣ ጀርባቸውን እንዳዞሩ «እማዬ፣ ደግሞ ምን እየደበቅሽ ነው?» ብላ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ የእኔ ሳቅ ግን ይዞኝ ሩቅ ሄደ።

ከጥርባ ሐይቅ ወዲህ ባለችው መንደራችን ከሐምሌ እስከ መስከረም ማለቂያ የምንኖረው በድንች ነበር። ጎታው ባዶ ነው፣ ገብሱ ገና አረንጓዴ ነው፣ ሰማዩ በላያችን ላይ ተንዶ የቀረ ይመስላል፤ የጓሯችንን ድንች ግን ቆፍረን አንጨርሰውም ነበር። ጭቃውን በእጃችን እየማስን እናወጣዋለን፣ በደጃችን በሚያልፈው ጎርፍ እናጥበዋለን፣ እናቴ በጥቁሩ ድስት ጥዳ አፉን በጎመን ቅጠል ትከድነዋለች፣ እኛም ዙሪያውን ኮልኮል ብለን የድስቱን መንተክተክ እናዳምጣለን። ትኩሱን ከእጅ ወደ እጅ እያገላበጡ፣ እፍ እያሉ፣ ጨውና በርበሬ ውስጥ እየነከሩ መብላት! ከዚያ ወዲህ ስንት ነገር በልቻለሁ፣ እንደዚያ ሆኜ የበላሁበት ማዕድ ግን ትዝ አይለኝም።

ታዲያ ይህ ሁሉ የቤት ገመና ነበር። ድንች ለቤተሰብ እንጂ ለእንግዳ አይቀርብም፤ ድንች ያቀረበች ሴት ቤቷ ባዶ መሆኑን በአደባባይ እንዳወጀች ይቆጠራል። ስለዚህ ውሻችን ሲጮህ እያንዳንዳችን ሥራ ነበረን። እናቴ ድስቱን ከጎታው ጀርባ ትሸጉጣለች፣ ታላቅ እህቴ ይታይሽ ልጣጩን ሰብስባ እሳት ውስጥ ትጨምራለች፣ እኔ የታናናሾቼን አፍ በቀሚሴ ጫፍ እጠርጋለሁ፣ አባቴም ጉሮሮውን ጠራርጎ ጋቢውን ያስተካክላል። የገባችው ጎረቤት ራሷ ከዚያው ዓይነት ድስት ተነስታ የመጣች ናት፤ ከከንፈሯ ዳር በርበሬው እንኳ አልተጠረገም። «ኧረ አሁን እኮ ነው ከምሳ የተነሳሁ» ትላለች፤ እናቴም «ምነው ትንሽ ቀደም ብለሽ በመጣሽ! እኛም እንጀራውን ገና ማንሳታችን ነው» ትላታለች፤ ቤቱ ግን እስከ ጣሪያው ድንች ድንች ይሸታል። በመንደሩ ድንች የማይበላ ቤት አልነበረም፤ በላሁ ያለም ሰምቼ አላውቅም።

እህቴ ይታይሽ ያን ጊዜ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች፣ ረዘም ያለች፣ ስትስቅ ድምፅ የማታሰማ፣ ትከሻዋ ብቻ የሚንቀጠቀጥ ልጅ ነበረች። ግምጃ ቤት በምትባለው ከተማ የሚያስተምር ስማቸው የሚባል የዳንግላ ልጅ ልቧን እንደወሰደው ያወቅሁት፣ እሱ በመንገድ ሲያልፍ እንስራው ሞልቶ ሳለ ውሃ ልቅዳ ብላ ስለምትወጣ ነው። አባቴም ያውቅ ነበር፤ ልጁን ወዶታል፣ ግን አባት ነውና ያላየ መስሎ ይቀመጣል። በአገራችን ሽማግሌ የሚላከው ጎተራ ሲሞላ፣ በጥር አካባቢ ነው። ስማቸው ግን ለመስከረም ወደ ሩቅ ቆላ ተዛወረ። ወላጆቹም ብቻህን አትሄድም ብለው ሌላ ልጅ ሊያጩለት ስለተነሱ፣ ከመሄዱ በፊት ቁርጡን ካላወቀ ነገሩ ያበቃ ነበር። በዚህ ምክንያት ሽማግሌዎቹ ያላንዳች ማስጠንቀቂያ፣ ፍልሰታ በተፈታ ማግስት ባለው እሑድ፣ በዚያ ዝናብ መጡብን።

ሦስት ነበሩ። የሚመሩት አያ ደምሴ የሚባሉ፣ ጢማቸው የሸበተ፣ ትልቅ ጥቁር ጃንጥላ የያዙ የዳንግላ ሰው ናቸው። እስከ መገንጠያው በጋሪ መጥተው የቀረውን ጭቃ በእግራቸው ወጥተውታል። እንደ ወጉ ከደጃፍ ቆሙ፤ የመጡበት ጉዳይ እሺ ካልተባለ ሽማግሌ አይቀመጥም፣ እሺ ከተባለ ደግሞ ተቀምጦ ማዕድ ሳይቀርብለት አይሄድም። ልጅ ተሰጥቶ እህል አልቀረበም ማለት ከእንጅባራ እስከ ዳንግላ ያለ ሰው የሚቀባበለው ወሬ ነው። በቤታችን ደግሞ ያን ዕለት አንዲት ጭብጥ ዱቄት አልነበረችም፤ ከጎረቤት ተበድረን ያገኘነው ገብስ ወንዝ ማዶ ወፍጮ ቤት ነው፣ ወንዙ ሞልቷል። ያለችን አንዲት ዶሮ ከመደቡ ሥር ዕንቁላል ታቅፋለች። ከጎታው ጀርባ ገና ከእሳት የወረደው የድንች ድስት ነው ያለው።

አያ ደምሴ ነገራቸውን በምርቃት እያዋዙ ተናግረው ሲጨርሱ አባቴ መልስ ለመስጠት አፉን ከፈተ። ይህን ጊዜ እናቴ እሳቱን እየቆሰቆሰች፣ ስለ ዝናቡ የምታወራ በሚመስል ድምፅ፣ በአዊኛ ተናገረች። ሽማግሌዎቹ የከተማ ሰዎች፣ ከአማርኛ በቀር የማይሰሙ ናቸው ብላ ነው፤ እኛ ቤት እንግዳ ፊት የሚነገር ምስጢር ሁሉ በአዊኛ ነበር። «እሺ እንዳይሏቸው። ከድንች በቀር የማቀርበው የለኝም። ለመስቀል ይመለሱ በሏቸው» አለች። አባቴ ወደ እሷ አየ፣ ወደ ሽማግሌዎቹ አየ፣ ግንባሩን በጋቢው ጠረገና «ነገሩስ መልካም ነበር፤ ግና ዘመድ ላማክር። ለመስቀል ብትመለሱልኝ?» አለ።

መስቀል የሚውለው ግን ስማቸው ከሄደ በኋላ ነው። ደግሞም ዘመድ ላማክር ማለት በሽማግሌ ቋንቋ በጨዋ አፍ የተነገረ እንቢታ ነው፤ ከኋላ የቆሙት ሁለቱ ተያይተው ጋቢያቸውን መሰብሰብ ጀመሩ። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ከእህቴ ጎን ነበርኩ። ትከሻዬን የያዘው እጇ ጨመደደኝ፣ ጥፍሯ ሥጋዬ ውስጥ ገባ። ልጅ ብሆንም ከዚያ እጅ የተነሳ ምን እያመለጣት እንደሆነ ገባኝ።

አያ ደምሴ አልተንቀሳቀሱም። ጃንጥላቸውን አጥፈው በጥንቃቄ ግድግዳው ላይ አስደገፉና፣ እንከን በሌለው አዊኛ፣ «እመቤቴ፣ እኛ ከንጋት ጀምሮ እህል አልቀመስንም። ከጎታው ጀርባ ያለው ነገር ሽታው ከበር ላይ ተቀብሎናል። እሳቸው እሺ ይበሉና እሱው ይቅረብልን» አሉ። እናታቸው የባንጃ ሴት እንደነበሩ፣ አፍ የፈቱትም በአዊኛ እንደሆነ የሰማነው በኋላ ነው። እናቴ የቆመችበት ቁጭ አለችና ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። ከዚያ አባቴ፣ በቀላሉ የማይስቀው አባቴ፣ ከሆዱ ሳቀ፤ «እሺ! እሺ ብያለሁ! ልጄን ሰጥቻለሁ!» እያለ በሁለት እጁ ይዞ አስቀመጣቸው።

ድስቱን ያወጣችው ይታይሽ ናት። ድንቹን ሰፌድ ላይ ገለበጠችው። አያ ደምሴ ትልቁን አንስተው ሲልጡ ጣታቸውን አቃጠላቸውና ነፉበት፤ «በርበሬም ነስነስ አርጊበት እንጅ፣ ልጄ» አሏት። ሁለቱ ሽማግሌዎች በአዊኛ የተባለው ሲተረጎምላቸው ሳቁ፣ ከዚያም ከአያ ደምሴ የባሰ በሉ። ሰፌዱ ላይ ልጣጭ ብቻ ቀረ።

ስማቸውና ይታይሽ እንዲህ ተጫጩ፤ እናቴ ግን ለመታመም ጥቂት ነው የቀራት። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ እንኳ ሰው በማይሄድበት መንገድ ነበር፤ ልጄን በድንች ዳርኩ እያለች ብቻዋን ስታጉረመርም እሰማት ነበር። አባቴ ቢያባብላት፣ እህቴ እግሯ ላይ ወድቃ ብትስማት የሚያጽናናት አልሆነም። በጥር ሠርጉ ደረሰ፣ ስማቸውም ከቆላ ፈቃድ ወስዶ መጣ። ዳሱ ሞልቶ ሳለ አያ ደምሴ ለምርቃት ተነሱና፣ በሁለት ወገን ዘመድ ፊት፣ «በዚያ የነሐሴ ዝናብ እኒህ እመቤት ያቀረቡልን ዶሮ ጣዕሙ እስከ ዛሬ ከአፌ አልጠፋም» አሉ። እናቴ ጭልፋ እንደያዘች ደርቃ ቀረች። አንደኛው ሽማግሌ «እውነት ነው» አለ፣ ሌላው ደግሞ «መረቁስ!» ብሎ ራሱን ነቀነቀ። አባቴ መሬት መሬት እያየ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ይታይሽ ሳቋን ከማን እንደወረሰች ያን ቀን አወቅሁ።

ከዚያ በኋላ ዶሮው የቤተሰባችን ሆነ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እናቴ ሰው ሲያነሳባት ዝም ብላ ትሰማ ነበር፤ ቆየት ብላ ራሷ መተረክ ጀመረች። ዶሮው በየዓመቱ ይሰባ ነበር፤ ቀይ አውራ ዶሮ ሆነ፣ ዕንቁላል ተጨመረለት፣ ከነጭ ጤፍ እንጀራ ጋር ቀረበ። ስማቸውም፣ ያን ዕለት ያልነበረው ሰው፣ ዕረፍት በመጣ ቁጥር «እስቲ የዶሮውን ያጫውቱኝ» ይላታል፤ ይታይሽም «እማዬ፣ ዕንቁላሉን ዘለልሽው» ትላታለች። ማንም አላረማትም። እሷ በመጨረሻ አምናው ይሁን፣ ወይም እኛ ማወቃችንን እያወቀች ይሁን፣ ከፊቷ ላይ ማንበብ አልቻልኩም፤ ስትተርከው ግን ፊቷ እንዴት ያበራ ነበር!

ዛሬ የአገሬ ድንች በኢሱዙ ተጭኖ ወደ ባሕር ዳር ይሄዳል፤ እንጅባራ ሆቴል ገብቶ ቺፕስ ማዘዝ ለማንም አያሳፍርም፣ እኔም ደስ ይለኛል። ዳንግላ ባለው ቤቴ ፍሪጁ ሙሉ ነው፣ ማንም ቢመጣብኝ የማቀርበው አላጣም። የሚመጣ ሰው ግን ቀድሞ ይደውላል፣ ኔትወርክ ከሌለ ደግሞ ይቀራል። ውሻ በጮኸ ቁጥር የምንሯሯጥበት ያ ድንጋጤ፣ ያልጠሩት ሰው ሁልጊዜ ሊመጣ የሚችልበት ያ ቤት ናፍቆኛል። አባቴ የለም፤ አያ ደምሴም ሁለቱ ጓደኞቻቸውም አልፈዋል፣ ስማቸው አምና ተለየን። እናቴን ከቀበርናት ቆየን፣ እኔ ግን አሁንም አንድ ነገር በሰማሁ ቁጥር ለሷ ልነግራት ይዳዳኛል። ድንች በዓለም ላይ ለትልቅ እንግዳ የሚቀርብበት አገር እንዳለ ሳትሰማ ሄደች። ታናናሾቼ ያኔ ነፍስ አላወቁም ነበርና፣ ያን ቀን ከነበሩት ነገሩን የምናውቅ የቀረነው ይታይሽና እኔ ብቻ ነን።

ማህሌት ዓይኗን ጠርጋ ምን አሳቀሽ ስትለኝ፣ አያትሽ ትዝ አለችኝ አልኳት፣ የአክስትሽ ሽማግሌዎች የመጡ ዕለት። እሷም በልጅነቷ አያቷ ጉያ ተኝታ ስንት ጊዜ ሰምታው ኖሮ፣ ፊቷ ፈካ አለና ወደ እኔ ጠጋ አለች።

«ያ ቀዩ አውራ ዶሮ ግን እማዬ፣ እውነት እሷ እንደምትለው ነበር?»

አፌ ውስጥ ያለውን ድንች ቀስ ብዬ ዋጥሁ።

«እንዴታ!» አልኳት። «ላባውን የነጨሁት እኔ አይደለሁ?»