ለትንሿ ሳሎን የተመረጠ ድምፅ

ኤደልሚራ በኮሎምቢያዋ ባራንኪያ ከተማ፣ ሬቦሎ በሚባለው ሰፈር፣ የካርኒቫል ልብስ እየሰፋች የምትኖር የስድሳ ስምንት ዓመት ሴት ናት። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ስቱዲዮ ገብታ ለአንድ ዘፈን ተቀባይ ሆና ነበር። የሠሩት በአንድ ከሰዓት ነው፤ ዘፈኑ ግን አገር ምድሩን አዳረሰ። ካርኒቫል በመጣ ቁጥር ጎረቤቷ አልሲደስ ቁም ሳጥን የሚያክል ማጉያውን መንገድ ላይ ገትሮ ያንኑ ዘፈን ያስጮኸዋል። ማጉያው ከበሮና ቤዝ እንጂ ተቀባዮቹን አያሰማም።

"ይሄ እኮ እኔ ነኝ!" ስትል አልሲደስ ይስቅባታል።

"በህልምሽ ዘፍነሽ ይሆናል እንጂ እኔ የምሰማው ከበሮ ነው!"

ዘንድሮ ቆርጣ ተነሳች። ሳሎኗን በልብስ ስፌት ሜትሯ ለካች፤ ከወንበሯ እስከ ግድግዳው ሁለት ሜትር ተኩል። ዘፈኑ ያለበትን ሲዲ ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ መሃል ከተማ አንድ የሙዚቃ ማጫወቻ ሱቅ ገባች።

ሻጩ ዬይሰን የሚባል ቀልጣፋ ጎልማሳ ነው። በቀጥታ ቀይና ሰማያዊ መብራት ወደሚረጨው ትልቅ ማጫወቻ ወሰዳት።

"እመቤቴ፣ ይሄኛው መስኮትዎን ያርገበግበዋል!"

"መስኮቴ ምን በደለኝ? ሰው ሲዘፍን የሚያሰማ አምጣልኝ።"

"ትንንሾቹ እኮ ለእርስዎ አይሆኑም፤ ድምፃቸው ያው ትንሽ ነው።"

"ሳሎኔም ትንሽ ናት። በል ክፈተው።"

መጀመሪያ የከፈተላት ቤዙ ጎልቶ ሁሉን ዋጠው። ሁለተኛው ዘፋኙን ጉንፋን የያዘው አስመሰለው። ሦስተኛው መደርደሪያ ላይ የሚቀመጡ ሁለት ትንንሽ የእንጨት ስፒከሮች ያሉት ነበር። ኤደልሚራ ፊት ለፊታቸው ወንበር ስባ ተቀመጠችና ዓይኗን ጨፈነች። ተቀባዮቹ ሊገቡ ሲሉ ሦስት ሴቶች አየር ሲስቡ ተሰማ። ከዚያ አንዷ ከሌሎቹ ከፍ ብላ ወጣች።

"እሷን ሰማሃት? ከፍ ያለችውን?"

"ሰማሁ።"

"እኔ ነኝ።"

ዬይሰን ፊቷን አየ፤ ስፒከሩን አየ። ከዚያ ሳትጠይቀው ዘፈኑን ከመጀመሪያው መለሰላት፤ ስለ መብራቱም ሁለተኛ አላነሳም።

ቤት ስትደርስ ስፒከሮቹን ጥግ ላይ አስቀመጠቻቸው፤ ድምፁ ታፍኖ ጎረነነ። ከግድግዳው ስንዝር አራቀቻቸው፤ ከተቀመጠች ጆሮዋ ጋር እንዲስተካከሉም ከሥራቸው የጨርቅ ጥቅል ከተተች። አሁን ጠራ።

እሑድ ምሳ ሰዓት ላይ አልሲደስ በመስኮቱ አንገቱን አሰገገ።

"ምንድነው የገዛሽው? የአሻንጉሊት ቤት ነው?"

"ገብተህ ተቀመጥ። አፍህን ዝጋና ስማ።"

ተቀመጠ። ተቀባዮቹ ሲገቡ ፈገግታው ከፊቱ ጠፋ። ያቺን ድምፅ ያውቃታል፤ በየጠዋቱ ከግድግዳው ማዶ ስፌት መኪና ላይ ሆና ስታንጎራጉር ይሰማታል።

"ኤደልሚራ... ድገሚው እስቲ።"

ደገመችለት።

"ይሄን ሁሉ ዓመት ሳጫውት የኖርኩት አንቺን ነው?" አለ ቀስ ብሎ። ከዚያ ተነስቶ በሩ ላይ ቆመና መንገደኛውን ሁሉ መጣራት ጀመረ። "ኑ! ኑ ስሙ! የኛዋ ኤደልሚራ ናት የምትዘፍነው!"

ሳሎኗ ከአምስት ሰው በላይ አትይዝም፤ ጎረቤቱ በየተራ እየገባ ሰማ። በር ላይ የቆሙት "ጨምሪው እንጂ!" ብለው ሲጮሁ እሷ ወንበሯ ላይ እንደ ንግሥት ተደላድላ "አልጨምርም። እናንተ ዝም በሉ" አለቻቸው። ዝም አሉ። ያ ሰፈር በእሑድ ቀን እንዲህ ጸጥ ብሎ አያውቅም።

አመሻሹ ላይ አልሲደስ ያንን ዘፈን የሚያጫውትበትን የሸክላ ማቀፊያ ከእስክሪብቶ ጋር ይዞ መጣ። "ስምሽ የለበትም፤ ጻፊበት" አላት። ኤደልሚራ መጀመሪያ የሁለቱን ጓደኞቿን ስም ጻፈች። የራሷን ግን ከዘፋኙ ስም አጠገብ፣ በትልልቅ ፊደል አሰፈረች።