በናፍጣ ሰልፍ ውስጥ የቆመች አውቶሞቢል

ይህን የምጽፈው አጎቴ ጋሽ ወልዴ ስላዘዙኝ ነው። «እኔ ያየሁትን አልረሳም፤ ያላየሁትን ግን አንተ ጻፍና አንብብልኝ» ብለውኛል። ስለዚህ ከልደታ ተነሥተን እምድብር ደርሰን የተመለስንበትን የሦስት ቀን መንገድ፣ የራሴን ስሕተት ሳልሸሽግ፣ እንደ አካሄዱ አሰፍራለሁ።

ጋሽ ወልዴ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና ነድተዋል። የግራ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል፤ ቀኙም በጠራ ፀሐይ ካልሆነ ሰው አይለይም፤ ጀምበር ስታዘቀዝቅ እርሱም አብሮ ይጨልማል። ሐኪሙ ለሰኞ የቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ሲሰጣቸው ነገሩን አልሸፋፈነም። «ሊተርፍም፣ ጨርሶ ሊጠፋም ይችላል» አላቸው። አጎቴ ከሐኪሙ ክፍል ወጥተው መኪናዬ ውስጥ ገቡ። ከዚያም «እስከ ሰኞ እቴቴን አሳየኝ» አሉ። እቴቴ ዘነበች እምድብር አጠገብ የምትኖር ታላቅ እኅታቸው ናት። ለስምንት ዓመት አልተያዩም። «በስልክ ትገናኙ የለም ወይ?» ስላቸው «ድምፅዋን ማን ጠየቀህ? ፊቷን ነው ያልኩህ» አሉኝ።

ስለ መኪናዋም ጥቂት ማለት ይገባኛል። የጀርመን ሥሪት ናት፤ ጠቆር ያለ ግራጫ ቀለም ያላት፣ ወደ መሬት የተጠጋች፣ ስፖርት የሚሏት ዓይነት ባለ አራት በር አውቶሞቢል። ነገር ግን የምትጠጣው ናፍጣ ነው። አገር ለቆ ከሚሄድ የውጭ ዜጋ ስገዛት ወዳጆቼ ሁሉ ተቃውመው ነበር። በእኛ ዘንድ ናፍጣ የጭነት መኪናና የሚኒባስ ቀለብ ነው፤ የቤት አውቶሞቢል ቤንዚን ይጠጣል፤ ይህ እንደ ሃይማኖት የታመነ ነገር ነው። የደገፉኝ ጋሽ ወልዴ ብቻ ነበሩ። መዳፋቸውን ኮፈኗ ላይ አሳርፈው ሞተሩን ለረጅም ጊዜ አዳመጡና «የጭነት መኪና ልብ ያላት ሙሽራ ናት፤ ውሰዳት» አሉኝ።

ሁለት ዓመት ነድቻታለሁ። ማለዳ ስትነሣ የምታሰማው መንቋቋት የታወቀ ስለሆነ የጌጃ ሰፈር ጎረቤቶቼ «ወፍጮ ቤቱ ተከፈተ» ይላሉ። የመንገድ ጉብታ ሲያጋጥመኝ ሆዷ እንዳይላጥ አግድም አሻግራታለሁ። የጭስ ማጣሪያዋ በከተማ መጨናነቅ ይታፈናል፤ አልፎ አልፎ ረጅም መንገድ ካላገኘች ቢጫ መብራት አብርታ ትከስሰኛለች። በዚያ ሳምንትም እየከሰሰችኝ ነበር። ስለዚህ ጉዞው ለሁለቱም፣ ለአጎቴም ለመኪናዋም፣ የሚያስፈልግ ነበር።

ዓርብ፣ ስድስት ሰዓት፤ ልደታ

በፍርድ ቤቱ አካባቢ ባለ የጠበቃ ቢሮ ረዳት ሆኜ እሠራለሁ። በዚያ ቀን መግባት የነበረበት የይግባኝ ማመልከቻ ስለነበር እስከ ቀትር ከመዝገብ ቤቱ መስኮት አልተለየሁም። አጎቴ ከንጋት ጀምሮ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ጠበቁኝ።

«ቀኑን በላኸው» አሉኝ ስንነሣ።

«ይቅርታ ጋሼ፣ የሕግ ቀነ ገደብ ስለነበረበት ነው።»

«የእኔም ቀነ ገደብ አለው።»

ይባስ ብሎ በከተማው ናፍጣ ጠፍቶ ነበር። ሦስት ማደያ ዞርን፤ ሦስቱም ጋ «ናፍጣ የለም» የሚል ካርቶን ተሰቅሏል። ከሰልባትዮው፣ ከነዳጅ ቋቱ፣ ሩብ ብቻ ነበር የቀረን። አጎቴ ግን «ወሊሶ አናጣም፤ ንዳ» አሉ።

ጦር ኃይሎችን፣ አየር ጤናን፣ ሰበታን አልፈን ተፍኪ ሜዳ ላይ ስንደርስ መንገዱ ተዘረጋ። መኪናዋ የተሠራችበትን ምክንያት ማወቅ የሚፈልግ ሰው እዚህ ላይ ያውቀዋል። ድምፅዋ ከፍ ሳይል፣ ማርሽ ሳይቀየር፣ ከታች የሚመጣ ጸጥ ያለ ጉልበት ወደ ፊት ይገፋል። በመንገዱ ግራና ቀኝ ጤፉ ለአጨዳ ቀርቦ ቢጫ ሆኗል። ከቱሉ ቦሎ በፊት ያ ከሳሽ መብራት ጠፋ። ለአጎቴ ስነግራቸው «መንገድ ናፍቋት ነዋ! እኔን መስላለች» ብለው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። ጋሽ ወልዴ ውጭውን ባያዩም የምንደርስበትን ሁሉ ቀድመው ይነግሩኝ ነበር፤ ኩርባውንና ድልድዩን በወገባቸው ያውቁታል።

ስምንት ሰዓት ተኩል፤ ወሊሶ

ማደያው ናፍጣ ነበረው፤ ሰልፉ ግን ከከተማው መውጫ ይጀምራል። ከጭነት መኪኖቹ ኋላ ስቆም አንዲት ድመት ከበሬዎች መካከል የገባች መሰለች። ሾፌሮቹ ጥላ ሥር ተቀምጠው አዩን።

«ወንድም፣ ስንት ኩንታል ጭነሃል?» አለ አንዱ።

በመስኮት የመለሱት አጎቴ ናቸው። «አንድ ሽማግሌ ነው የጫነው፤ ከነባርኔጣው ስልሳ ኪሎ አይሞላም።»

ሁሉም ሳቁ። ከመካከላቸው ከድር የሚባል፣ ወደ ጅማ ቆርቆሮ የጫነ ደንዳና ሾፌር ተነሥቶ መጣ። የሰልፉን ስም ዝርዝር የሚይዘው እርሱ ነው። ሕጉ በደብተሩ ሽፋን ላይ ተጽፏል፤ የሌለ ሰው ተራው ያልፋል፤ ተራውን የሰጠ የተቀባዩን ቦታ ይይዛል። ከሰነዶች ጋር የምኖር ሰው ስለሆንኩ ይህን ሕግ በአክብሮት አነበብኩት። ሠላሳ አንደኛ ሆኜ ተመዘገብኩ።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ከድር ተመልሶ መጥቶ የአጎቴን ዓይን በጥሞና ተመለከተ። «አባት የሚያዩ አይመስለኝም። ሽማግሌ ይዞ በዚህ ፀሐይ አይቆምም። ና፣ ወደ ፊት እለፍ» አለኝና ሰው ወዳልነበረበት መቅጃ በእጁ አመለከተኝ።

እዚህ ላይ ስሕተቱ ተፈጸመ። እኔ፣ በናፍጣ ሰልፍ ውስጥ ስላገኘኝ፣ ወደ ናፍጣ መቅጃ የመራኝ መስሎኛል። እርሱ ደግሞ አውቶሞቢል ስላየ፣ ሰልፍ ተሳስቼ የቆምኩ የቤንዚን ደንበኛ መስዬዋለሁ፤ እንዳላፍርም ብሎ ስሕተቴን አልነገረኝም። ቸርነት ሲደረግልኝ ጥያቄ ማብዛት ነውር መስሎ ስለታየኝ አመስግኜ አለፍኩ። ቀጂዋን ጫልቱን «ሙዪልኝ» ብዬ ሒሳቧን ከፍዬ፣ ለአጎቴ ውኃና ሙዝ ልገዛ ሄድኩ። ናፍጣ የሚለውን ቃል ከአፌ አላወጣሁም።

ተመልሼ የሰልባትዮውን ክዳን አጥብቄ ገባሁ። እጄን ወደ ማስነሻው ስዘረጋ ጋሽ ወልዴ ክንዴን ጨመደዱት።

«እንዳታስነሣ!»

«ምነው ጋሼ?»

«እጅህ ቤንዚን ቤንዚን ይላል። ናፍጣ እጅ ላይ ይሰነብታል፣ ይወዛል፤ ይሄ ግን ቀዝቅዞ የሚበርር ነው። ምንድን ነው የቀዳችብህ?»

ወርጄ ጠየቅሁ። ጫልቱ «ቤንዚን ነዋ!» አለች፤ ወዲያው ገብቷት ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ሠላሳ ሁለት ሊትር ገብቷል። ሞተሩ አንድ ጊዜ ቢዞር ኖሮ ናፍጣውን የሚገፋው ፖምፓ ይበላ ነበር፤ የእኛም መንገድ እዚያው ያበቃ ነበር። ልጅቱ ዕዳው በእርሷ ላይ እንዳይወድቅ መፍራቷን አይቼ «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አልነገርኩሽም» አልኳት። እውነቱም ይኸው ነው።

ከድር ሲሰማ ራሱን ያዘ። «እኔ ነኝ የላክሁህ! አውቶሞቢል ናፍጣ ሲጠጣ የት አይቼ?» አለና ወደ ጥላው ዞሮ ጮኸ፤ «ተነሡ እናንተ!»

ስድስት ሾፌሮች መኪናዋን ገፍተው ከመቅጃው አራቋት። አንደኛው ላቡን እየጠረገ «ስፖርት የሚሏት ይቺን ነው? ስፖርቱን የምንሠራው እኛ!» እያለ ያስቃቸው ነበር። አጎቴ ከመኪናው ወርደው በርጩማ ላይ ተቀመጡና በጆሮአቸው ሥራውን መሩት። «መጀመሪያ የባትሪውን ገመድ ንቀሉ። ሲጋራ የያዘ ሰው ይራቅ። የኋላውን ወንበር አንሡ፤ ክዳኑ ከሥሩ ነው።» ከድር ክዳኑን ፈትቶ ጎማ ቱቦ አስገባ። የወጣው ድብልቅ ለማንም መኪና የማይሆን ስለነበረ አንድ ጋራዥ ለዕቃ ማጠቢያ ወሰደው።

ሥራው ሲያልቅ ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ ተጋድማለች። ሰዓቴን ባየሁ ቁጥር አጎቴ «ስንት ሆነ?» ይሉኛል። እኔም እነግራቸዋለሁ። አሁንም ናፍጣ የለንም፤ ተራችን ሩቅ ነው። ለከድር ስለ ሰኞው ቀጠሮ ነገርኩት። ደብተሩን ከፍቶ ስሜን ከሠላሳ አንድ ሰርዞ በራሱ ስም ላይ፣ አሁን ለመቅዳት ሁለተኛ በሆነው ተራ፣ ጻፈው።

«የአንተስ?» አልኩት።

«እኔ የትም አልሄድ፤ ቆርቆሮ አይበሰብስ። አሁን ቅዳ። ግን እንደ ገና ዝም እንዳትል፣ ጩህና ተናገር!»

ጮኼ ተናገርኩ። «ናፍጣ!» ሰልፉ በሙሉ ተቀብሎ አስተጋባ። ሞተሩ አንዴ ሳል ብሎ ተነሣ፤ አጎቴም «ወፍጮ ቤቱ ተከፈተ» አሉ። አሥር ሰዓት ከአርባ ሆኖ ነበር።

ከወሊሶ ወደ እምድብር

ብርሃንን ተሽቀዳድሜ መንዳት እንዴት እንደሆነ ያን ቀን ተማርኩ። መጣደፍ እንዳይገድለን ፈርቼ ነበር፤ ይሁን እንጂ መኪናዋ አልተጣደፈችም። ዳገቱን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ወጣችው፤ ከጭነት መኪና ኋላ ስንደርስ ዕድሉን ጠብቃ በጥቂት ሰኮንድ ታልፈዋለች። ወልቂጤን ስናልፍ ፀሐይዋ በቀኝ መስኮት ገብታ በአጎቴ ፊት ላይ አረፈች። እጃቸውን አንሥተው መኖሯን በመዳፋቸው ይለኩ ነበር።

የመጨረሻው አራት ኪሎ ሜትር ጠጠር ነው። እንደዚያ ያለ መንገድ ለእንደዚህ ያለች መኪና አልተሠራም። አንድ የወጣ ድንጋይ የፊት መከላከያዋን፣ የፓራውልቷን፣ ግማሽ ገነጠለው። ለማየት ላቁም ስል ጋሽ ወልዴ «ሞተሩ ይሠራል? እንግዲያው ንዳ!» አሉ።

እንሰት ከከበበው ግቢ ስንገባ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ረጅሟ እቴቴ ዘነበች በደጃፉ ቆማለች። አጎቴ ክንዷን ይዘው ወደ ምዕራብ አዞሯት፤ ብርሃኑ ፊቷ ላይ እንዲወድቅ። ከቅርብ ሆነው፣ እንደሚያነብ ሰው፣ ቀስ ብለው ተመለከቷት።

«አርጅተሻል» አሉ በመጨረሻ።

«አንተስ መች ቀረህ! ባርኔጣ ዕድሜ ይደብቃል ያለህ ማን ነው?»

በልጅነታቸው በወረወሩት ድንጋይ በቅንድቧ ላይ የቀረውን ጠባሳ ፈለጉ፤ አገኙት፤ በጣታቸው ነኩት። ጀምበር እስክትጠልቅ ድረስ ሁለቱም ከደጁ አልተንቀሳቀሱም። እኔ ከመኪናዋ ጎን ቆሜ፣ ሞተሩ እየበረደ ሲንጣጣ እሰማ ነበር።

እሑድ፤ መልስ

ቅዳሜን በቆጮና በጎመን፣ በጎረቤትና በጨዋታ አሳለፍን። እሑድ ረፋድ ላይ ወሊሶ ደርሰን፣ ለማመስገን ማደያው ገባን። ጫልቱ ስታየኝ «ናፍጣ!» ብላ ጮኸችና ሳቀች። ከድርን ስጠይቃት ግን ሳቋ ቀረ። ዓርብ ማታ ናፍጣው ሃያ ስድስተኛው ላይ አልቆ ነበር። ከድር በእኔ ቦታ፣ በሠላሳ አንደኛው፣ ጋቢናው ውስጥ አድሮ ቅዳሜ ቀትር ላይ ነው የሄደው። ስልኩን ሰጠችኝ። ደውዬ ምን ብዬ እንደማመሰግነው ግራ ገብቶኝ ስንተባተብ አቋረጠኝ።

«አባት አዩ ወይ?»

«አዩ።»

«በቃ!»

ሳይመሽ ልደታ ገባን። ጌጃ ሰፈር ጠባብ መንገዳችን ላይ ስደርስ ጎረቤቶቼ የተሰበረውን ፓራውልት ከበው «ሙሽራይቱን ማን መታት?» አሉ። በማግስቱ በሰልባትዮው ክዳን ላይ በነጭ ቀለም፣ በትልልቅ ፊደል «ናፍጣ» ብዬ ጻፍኩበት። ብዙ መጻሕፍት አንብቤያለሁ፤ ለሰው ቸርነት ከምስጋና በፊት አንዲት ግልጽ ቃል እንደሚገባው ግን የተማርኩት ከወሊሶ ሰልፍ ነው። ለከድርና ለእነዚያ ስድስት ሾፌሮች፣ ለጫልቱ፣ ለዚያች ታጋሽ ሞተርም ምስጋናዬ የማያልቅ ነው።

ሰኞ ቀዶ ሕክምናው ተደረገ። ይህን ጽሑፍ ለጋሽ ወልዴ ሳነብላቸው «የጠፋውንም ጻፍ፤ የተገኘውን እኔ አውቀዋለሁ» አሉኝ።

ሠላሳ ሁለት ሊትር ቤንዚን። ሁለት ሰዓት የቀን ብርሃን። ግማሽ ፓራውልት። ከከድር አንድ ሌሊት። የጋሽ ወልዴ ቀኝ ዓይን።